ቀይ ጨርቅ በደንገል አናት

ባለፈው ማክሰኞ ከምሳ በኋላ የተማሪዎችን ፈተና ሳርም ስልኬ ነዘረ። መልእክቱን የላከችው በእኔ አማካሪነት የመመረቂያ ጥናቷን የምትሠራ ልጅ ናት፤ ትዕግሥት ትባላለች። የላከችው ፎቶ ነው። በደንገል መካከል የተከፈተች ጠባብ ውሃ፣ ከውሃው በላይ ብቅ ያሉ ሁለት ጆሮዎችና ሁለት ዐይኖች፣ ከኋላቸው ደግሞ በእናቷ ጀርባ ላይ አገጯን ያሳረፈች ትንሽ የጉማሬ ግልገል ይታያሉ። ከፎቶው ሥር ቦታውን በካርታ የሚያሳይ ቀይ ነጥብ ተያይዟል። "ቲቸር፣ ወልዳለች። የክፍላችን ግሩፕ ላይ ልልቀቀው?" ይላል ጽሑፉ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ጉማሬ ከጣና ዳር እየቀነሰ በሄደበት ዘመን አንዲት ግልገል ማየት ትልቅ ነገር ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ያደረግሁት የግሩፑን አባላት ዝርዝር መክፈት ነበር። ከላይ ወደ ታች አነበብሁት። የማላውቀው ስም ላይ ስደርስ ቆም እላለሁ፤ ይሄ ደግሞ ማን ነው፣ የየት አገር ልጅ ነው፣ ቤተሰቦቹ ሐይቁ ዳር እርሻ አላቸው ወይ እላለሁ። ዝርዝሩ መካከል ስደርስ በራሴ አፈርሁና ስልኩን በፊቱ ደፋሁት። ሰውን እየዘረዘርሁ መጠርጠር ከዚህ በፊትም ሞክሬዋለሁ። ያኔ የዘረዘርኋቸው ሰዎች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ እሱም በዛብኝ።

ነገሩ ከሆነ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። በባዮሎጂ ከተመረቅሁ ዓመት አልሞላኝም፤ ባሕር ዳር ውስጥ ፔዳ በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ሥራ እፈልግ ነበር። አባቴ የፋብሪካ ሠራተኛ ስለሆነ በቤታችን ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ከሕመም የሚቆጠር ነገር ነው። በመጨረሻ አንድ በዱር እንስሳት ጥበቃ ላይ የሚሠራ ቢሮ ለሦስት ወር ቀጠረኝ። ሥራዬ ሁለት ነበር። አንደኛው በተወሰነ የሐይቅ ዳርቻ ያሉትን ጉማሬዎች እየቆጠሩ መመዝገብ፤ ሁለተኛው ጉማሬዎቹ በገበሬው ሰብል ላይ ያደረሱትን ጉዳት መጻፍ። የቦታውን ስም አልጠራም። ከባሕር ዳር ብዙ አይርቅም፣ በቂ ነው። ለምን እንደማልጠራው ወደ ኋላ ይገባችኋል።

ዐይን አፋር ነኝ፤ ያኔማ ይብስብኝ ነበር። ሰው ፊት ቆሜ ከምጠይቅ ዳር ሆኜ አይቼ ብጽፍ ይቀለኛል። ጠንካራ ሽፋን ያለው ሰማያዊ ደብተር ነበረኝ፤ ከእጄ አይለይም። ሰው ሲያነጋግረኝ ወደ ደብተሬ አቀረቅራለሁ፣ ሰውየውም የተናገረውን የምጽፍ ይመስለዋል፤ ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው።

ጥቅምት ነበር። አስፋልቱ እስከሚያልቅበት በባጃጅ እሄድና ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል በእግሬ እጓዛለሁ። አደይ አበባው ጠውልጎ መንገድ ዳር ቢጫው ወደ ቡኒ ተለውጧል፤ ጤፉ ገና ያዘርታል፤ ጠዋት ጠዋት ከሐይቁ የሚነሳው ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። በዚያ ወራት ጣና ከዳርቻው መሸሽ ይጀምራል። ውሃው ወደ ኋላ ሲል ጥቁር፣ ለስላሳ፣ እግር የሚውጥ ጭቃ ይተዋል፤ ገበሬውም ውሃውን እግር በእግር እየተከተለ ሽምብራና በቆሎ ይዘራበታል። ይህንን መሬት ባሕር ሽሽት ይሉታል። ጥሩ መሬት ነው፤ ማዳበሪያ አይጠይቅም። ችግሩ ያ መሬት ድሮ ሣር የሚበቅልበት የጉማሬ መሰማሪያ መሆኑ ነው። ጉማሬው ቀን ቀን ደንገሉ ውስጥ ተኝቶ ውሎ ሲመሽ በለመደው መንገድ ይወጣል፤ የለመደው መንገድ ግን በቀጥታ የሽምብራ ማሳ ላይ ያደርሰዋል። በሌላ በኩል እምቦጩ ውሃውን ሸፍኖ እየገፋው መጥቷል፤ የበሰበሰው እምቦጭ ሽታ ከሩቅ ይቀበላችኋል። ከኋላ እምቦጭ፣ ከፊት እርሻ። ጉማሬ ብሆን እኔም የት እንደምሄድ አላውቅም ነበር።

እዚያ የምሠራው ከሁለት ሰዎች ጋር ነው። አንደኛው ጋሽ ደመላሽ የሚባሉ ጥበቃ ናቸው። የመራዊ ሰው፣ የቀድሞ ወታደር፣ ወሬ የሚወዱ፣ ጠመንጃቸውን እንደ ሕፃን በጨርቅ ጠቅልለው የሚይዙ። እኔን ባዩ ቁጥር "ዶክተሯ መጣች፣ ጉማሬዎች ተሰለፉ" ይላሉ። ዶክተር እንዳልሆንሁ ብነግራቸውም ትሆኛለሽ ብለው ይዘጉኛል። ሁለተኛው ታንኳ የሚቀዝፉልኝ አያ ይማም ናቸው። አያ ይማም ከታንኳ ሠሪዎቹ መንደር ናቸው፤ ኑሯቸው ደንገል ማጨድ፣ ታንኳ ማሰርና ምንጣፍ መሥራት ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥቂት ጥርስ የቀራቸው ሽማግሌ። ከሰላምታ በኋላ አይናገሩም። ረጅሙን የሸምበቆ ዘንግ ውሃው ውስጥ ሲሰዱት እንኳ ድምፅ አያሰሙም።

ሁለት ዐይን አፋሮች በአንድ ታንኳ ላይ ሲቀመጡ ምን ያህል ዝምታ እንደሚፈጠር መገመት ትችላላችሁ።

በእኛ ዳርቻ ሰባት ጉማሬዎች ነበሩ። ከሁሉም የምትታወቀው ግራ ጆሮዋ የተቀደደ እናት ናት፤ ጋሽ ደመላሽ "እመቤት" ይሏታል። በዚያው ክረምት የወለደቻት ግልገል ከጎኗ አትለይም። ቢሮው እሷንና ግልገሏን አደራ ብሎኛል፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት የተወለዱት አንዱም አላደገም። እኔም አደራውን ከልቤ ተቀበልሁ። ማታ ስተኛ ስለ እነሱ አስባለሁ።

የተማርሁት ትምህርት ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ሆነሽ ቁጠሪ ይላል፤ ዛሬ ከዚህ፣ ነገ ከዚያ ከሆነ ቁጥሩ አይታመንም። ደንገል ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ከሰው ቁመት በላይ፣ አረንጓዴ፣ ማለቂያ የለው። ስለዚህ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ እለብሰው የነበረውን ቀይ ሹራብ በመቀስ እየሸነሸንሁ፣ ከሰዓት በኋላ ቆጠራ ስንወጣ ጉማሬዎቹ በሚወጡባቸው መንገዶች አፍ ላይ በደንገሉ አናት ማሰር ጀመርሁ። ከየትም ይታያል። በራሴ ሐሳብ በጣም ደስ አለኝ።

የመጀመሪያውን ስቋጥር አያ ይማም ዘንጋቸውን አቁመው አዩኝ። ረጅም ጊዜ ነው ያዩኝ።

"ልጄ፣ ውሃ ላይ ምልክት አይደረግም" አሉ።

ከዚያ ሌላ አልጨመሩም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። አንገቴን ደፍቼ ደብተሬ ላይ ጻፍሁት። ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አደረግሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ጨርቆቼ መጥፋት ጀመሩ። ከሰዓት አስሬ የሄድሁት በማግስቱ የለም። ነፋስ ነው ብዬ ጠበቅ አድርጌ አሰርሁ፤ ጠፋ። በድርብ ቋጠርሁ፤ ጠፋ። የሹራቡ እጅጌዎች አልቀው ወደ ደረቱ ገባሁ። ያን ጊዜ ነው ሰዎቹን በሌላ ዐይን ማየት የጀመርሁት። መጀመሪያ የጠረጠርሁት ጋሽ ደመላሽን ነው። ምሳቸውን ከገበሬዎቹ ቤት ይበላሉ፣ ስልክ ሲደወልላቸው ራቅ ብለው ያወራሉ፣ ረቡዕና ዓርብ ሳይቀር ቀረሶ የሚባለውን ዓሣ እያስጠበሱ ዓሣ ሥጋ አይደለም እያሉ ከገበሬዎቹ ጋር ይከራከራሉ። የመጨረሻው ከጉማሬ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አሁን አላውቅም፤ ያኔ ግን ደብተሬ ላይ ሰፍሯል። ጥርጣሬ አንዴ ከጀመረ የማይለቅመው ነገር የለም።

ኅዳር እንደገባ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ደመላሽ ደወሉልኝ። ድምፃቸው ቀልድ አልነበረበትም። ስደርስ ከሽምብራው ማሳ ዳር፣ ከደንገሉ መውጫ አፍ ላይ፣ አንድ ወጣት ወንድ ጉማሬ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ሞቷል። ጉድጓዱ በቅጠልና በጭቃ ተሸፍኖ ነበር፤ ሥሩ ላይ ሹል እንጨት ቆሟል። የጀርባው ቆዳ በረጅሙ ተገሽልጦ ተወስዷል። ጋሽ ደመላሽ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ቆይተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ደንገሉ ውስጥ ስንት መውጫ አለ? ይቺኛዋን መርጦ የቆፈረ ሰው፣ ውስጡን የሚያውቅ ነው። ውስጡን የሚያውቀው ደግሞ ማነው? እኔ ዋና እንኳ አልችል።"

ከዚያ የታንኳ ሠሪዎቹ ቅድመ አያቶች ጉማሬ ያድኑ፣ ሥጋውንም ይበሉ እንደነበር አስታወሱኝ። ማስታወስ አላስፈለገም። ባሕር ዳር ያደገ ሰው ሁሉ ይህን ወሬ እየሰማ ነው ያደገው፤ ልጅ ሆነን ከዚያ መንደር የመጡትን ምንጣፍ ሻጮች ከኋላ እየተከተልን በዚሁ ነገር የምንሳደብ ልጆች ነበርን። እኔ አልሳደብም ነበር። ከሚሳደቡት ጋር ግን እሄድ ነበር።

ከዚያን ቀን በኋላ የምመለከተው አያ ይማምን ብቻ ሆነ። ዓርብ ለጁምዓ ስለሚሄዱ ታንኳ አይዙም፤ ጉማሬው የሞተው ዓርብ ለቅዳሜ ነው። ይህን ጻፍሁ። የደንገል ታንኳ ደግሞ ውሃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ማታ ማታ ዳር አውጥተው እንዲደርቅ ያቆሙታል፤ ጠዋት ነጣ ብሎ፣ ቀሎ ይገኛል። አንድ ማለዳ የሰብል ጉዳት ልመዘግብ ቀድሜ ስመጣ የሌሎቹ ታንኳዎች ሁሉ ደርቀው ቆመዋል፤ የአያ ይማም ብቻ ጠቁሮ ውሃ ያንጠባጥባል። በማግስቱም እንዲሁ። ገና ሰው ሁሉ ሳይነሳ ደንገሉ ውስጥ ገብተው ይወጣሉ ማለት ነው። ምን ሊያደርጉ?

በሦስተኛው ቀን ገና ጎሕ ሲቀድ መጥቼ ከአንድ ዋንዛ ሥር ተቀመጥሁ። ጭጋጉ ውሃው ላይ ተኝቷል። ከብዙ ቆይታ በኋላ ታንኳዋ ከደንገሉ መሐል ወጣች። አያ ይማም ዳር ደርሰው፣ ግራ ቀኝ አይተው፣ የታጨደ ደንገላቸውን አወረዱ። ከደንገሉ ሥር አንድ እፍኝ የሚያህል ነገር አንሥተው በጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሩት። ቀይ ነበር። የእኔ ሹራብ ነው።

ሌላ ደፋር ሴት ብትሆን ተነሥታ "አያ ይማም፣ ይህን ለምን ይወስዱታል?" ትል ነበር። አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። እኔ እዚያው ተደብቄ ጻፍሁ።

ለቢሮው ያስገባሁት ሪፖርት አንድ ገጽ ተኩል ነበር። ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ማንንም በቀጥታ አልከሰስሁም። የታንኳውን እርጥበት፣ የዓርቡን ቀን፣ የቀይ ጨርቁን ነገር ከነቀኑ ከጻፍሁ በኋላ "መረጃው ከቡድናችን አባላት ከአንዱ ሳይወጣ አይቀርም" ብዬ ደመደምሁ። ጥንቁቅ ዐረፍተ ነገር መስሎኝ ነበር። ኃላፊያችን አንብበው ጎበዝ አሉኝ። በሳምንቱ ቀበሌው አያ ይማም ደንገሉ ውስጥ እንዳይገቡ አገዳቸው። ደንገል የማይገባ ታንኳ ሠሪ ማለት ጤፍ የማያገኝ እንጀራ ጋጋሪ ማለት ነው፤ ይህን አውቅ ነበር። ግን እመቤትና ግልገሏ ይተርፋሉ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ሌላ ቀዛፊ መጣ። ጨርቆቼም መጥፋት አቆሙ። አንዱም አልጠፋም፤ ጠዋትም ከሰዓትም ቀይ ሆነው ደንገሉ አናት ላይ ይወዛወዛሉ። ይህን እንደ ማረጋገጫ ወሰድሁት። ደብተሬ ላይ ከሥሩ ሁለቴ አሠመርሁበት።

እንዲህ ሆኖ ዘጠኝ ቀን ቆየ።

በዐሥረኛው ጠዋት ከሩቅ ሰው ተሰብስቦ አየሁ። ሮጥሁ ማለት አልችልም፤ ጭቃው አያስሮጥም። እያንዳንዱን እርምጃ እየነቀልሁ ስደርስ ጉድጓዱ ውስጥ መጀመሪያ ያየሁት የተቀደደውን ጆሮ ነው። ከጉድጓዱ በላይ፣ ከራሴ በላይ፣ ቀዩ ጨርቄ ንጹሕ ሆኖ ይውለበለባል። ግልገሏ ሃያ እርምጃ ያህል ራቅ ብላ ውሃው ውስጥ ቆማለች። ሰዎቹ ድንጋይ ሊወረውሩባት ሲሉ ጋሽ ደመላሽ ጮኹባቸው። ከዚያ ዘወር ብለው በጋቢያቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉ። እኒህን ሰው ነው ለዓሣ ብዬ የጠረጠርኋቸው።

ከሰዎቹ መካከል እትዬ አንጓች መጡ። ማሳቸው ከደንገሉ ጋር የተያያዘ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ የዘሩት ሽምብራ ተበልቶባቸው ጉዳቱን ራሴ መዝግቤላቸዋለሁ። እጄን ያዙና መዳፌ ላይ እሸት ሽምብራ አስቀመጡልኝ።

"እግዜር ይስጥሽ ልጄ" አሉ። "ዝም ያለች ልጅ ናት እያሉ ያሙሽ ነበር። እኔ ግን ሥራዋን ተመልከቱ አልኋቸው። ምልክትሽ ባይኖር የትኛው መውጫ እንደሆነ በምን እናውቅ ነበር?"

ያሉት ገብቶኛል፤ ግን እንዳልገባኝ ሆንሁ። ምልክቱ ለምን የታሰረ እንደመሰላቸው ጠየቅኋቸው። ቀስ ብለው፣ እንደ ልጅ አስረዱኝ። ጉማሬው በላብን ብለን ላንቺ ተናገርን፤ አንቺም ጻፍሽ። ከዚያ መውጫ መውጫው ላይ ቀይ አሰርሽ። ቀይ ያሰረ የመንግሥት ሰው፣ እዚህ ጋ ቆፍሩ ማለቱ ነው፤ የመንገዱም የቦዩም ቀያሾች ሲመጡ እንዲያ ነው የሚያደርጉት። መጀመሪያ ላይ ያሰርሽው ማለዳ ማለዳ እየጠፋ ግራ ገባን፤ አንድ ዓርብ ሳይነሳ ውሎ አገኘነውና ቆፈርን። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ግን አላነሳሽውም፤ በርቱ ማለትሽ ነው አልን። ቆዳውንስ ማን ወሰደው አልኋቸው። ከሞተ በኋላ ለአለንጋ የሚሆን ቆዳ ማን ይተዋል አሉኝ።

"እትዬ አንጓች፣ ምልክቱ ለእናንተ አልነበረም" አልሁ።

"ታዲያ ለማን ነበር?"

ለደብተሬ ነበር። ሽምብራው እጄ ውስጥ ሞቀ፤ መብላትም መጣልም አልቻልሁም።

አያ ይማም መንደር የሄድሁት በማግስቱ ነው። እዚያ ድረስ ስንት ጊዜ ልመለስ እንደቆምሁ አልናገርም። ከቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው ከሌላ ሰው በተገዛ ደረቅ ደንገል ምንጣፍ ይሠራሉ። ሲያዩኝ ተነሥተው የምቀመጥበት ዱካ አቀረቡልኝ። ሪፖርቱን የጻፍሁት እኔ እንደሆንሁ ነገርኋቸው። እንደሚያውቁ ለመግለጽ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጨርቁን ለምን ይወስዱ እንደነበር አሁን እንደገባኝ ተናገርሁ፤ ለምን እንዳልነገሩኝም ጠየቅኋቸው።

"ነገርሁሽ እኮ። ውሃ ላይ ምልክት አይደረግም አልሁሽ። ውሃ የሁሉም መንገድ ነው፤ ያየ ሁሉ ይመጣበታል። እኛ ደንገል የምናጭድበትን ቦታ እንኳ በልባችን ነው የምንይዘው።"

"እኔ የሚያስፈራሩኝ መስሎኝ ነበር።"

ሳቁ፤ ጥቂት ጥርሶቻቸው ታዩ። "ማለዳ ማለዳ እኔ እፈታለሁ፣ ከሰዓት አንቺ ታስሪያለሽ። ሁለታችንም ትጉ ነበርን።" ከዚያ ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። "ደግሜ እንዳልነግርሽ፣ አንቺ መቼ ጠየቅሽኝ? ስታዪኝ ትጽፊያለሽ። እኔ ደግሞ የሚጽፍ ሰው እፈራለሁ።"

ይቅርታ አልሁ። ይቅርታውን ተቀበሉ፤ ቢሮ ሄጄ ሁሉንም እንደማስተካክልም ነገርኋቸው። ለመሄድ ስነሳ ግን ሌሊቱን ሙሉ ያላስተኛኝን ነገር ጠየቅሁ።

"አያ ይማም፣ ግልገሏ ሞታ ይሆን?"

"አልሞተችም። ትናንት ማታ ከእናቷ አጠገብ ተነሥታ ወደ ሌላው ደንገል ስትሻገር ከዳር ሆኜ አይቻታለሁ። ሣር መንጨት ጀምራ ነበር፤ ሌሎቹ ካስጠጓት ትኖራለች። የት እንደገባች አውቃለሁ።"

"የት?"

ወደ እኔ አላዩም። ያዩት ብብቴ ሥር ወዳለው ሰማያዊ ደብተር ነው። አንዱን ደንገል በሌላው ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ አስተላለፉ።

"አልነግርሽም ልጄ" አሉ፣ ያለ ምንም ቁጣ።

ሁለተኛውን ሪፖርት ያንኑ ቀን ጻፍሁ። በዚህኛው ላይ "አይቀርም" የሚል ቃል አልነበረም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብዬ በአራት መስመር ጨረስሁ። የመጀመሪያው ሪፖርት ቀበሌ ለመድረስ አንድ ሳምንት የፈጀበት ነው፤ ሁለተኛው እስኪደርስ ግን ጥር አለፈ፣ ጾሙም ገብቶ ወጣ። እገዳው ሲነሳ ነሐሴ ሆኖ ሐይቁ ሞልቶ፣ ደንገሉ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ነበር። እስከ ጥቅምት የሚታጨድ ነገር የለም። ቢሮው ለእትዬ አንጓች መንደር ዘበኛና አጥር እናደርጋለን ብሎ ነበር፤ አጥሩ አልመጣም። በዚያ ዓመት ስለ ጥበቃ የገባኝ አንድ ነገር ቢኖር ገበሬዋም፣ ታንኳ ሠሪውም፣ ጥበቃውም፣ እኔም ክፉ እንዳልነበርን ነው። እርስ በርሳችን ግን አልተነጋገርንም። ጉማሬዋ የወደቀችው በመካከላችን በነበረው ዝምታ ውስጥ ነው።

አያ ይማም ካረፉ አራት ዓመት ሆናቸው። ግልገሏ የት እንደገባች ሳይነግሩኝ ነው ያረፉት፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅኋቸውም። አንዳንድ እሑድ ከሐይቁ ዳር ስሄድ ደርቀው የቆሙትን ታንኳዎች አያለሁ። እርጥብ ካገኘሁ ዛሬም ቆሜ ማሰቤ አይቀርም፤ ማን ነው፣ ከየት መጣ፣ ምን ሲሠራ ነበር። ጥርጣሬው አልለቀቀኝም። የተለወጠው ከጥርጣሬው በኋላ የማደርገው ነገር ነው።

ማክሰኞ ዕለት የደፋሁትን ስልክ አንሥቼ ፎቶውን እንደገና አየሁት። ጉማሬ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ለመውለድ የሚደርስ እንስሳ ነው። ይቺ እናት ያቺ ግልገል ትሆን? ጆሮዋ ደህና ነው፤ ምንም ምልክት የላትም። አላውቅም፤ የማላውቀውን ደግሞ አልጽፍም።

ለትዕግሥት ደወልሁ። ፎቶውን ለሌላ ሰው ልካው እንደሆነ ጠየቅኋት፤ ለእኔ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። እንዳትለጥፈው፣ ካርታውንም ከስልኳ እንድታጠፋው ለመንኋት። ምክንያቱን በአካል እነግርሻለሁ አልሁ። ትንሽ ቅር ያላት መሰለኝ። ከዚያ ታንኳውን ማን እንደቀዘፈላት ጠየቅሁ።

"አንድ ሽማግሌ ናቸው፣ ቲቸር።"

"ፎቶ ስታነሺ ምን አሉሽ?"

"እሳቸው ብዙም አያወሩም።"

"ይሁን። ግን የሆነ ነገር ሳይሉሽ አልቀሩም፤ አስታውሺ እስኪ።"

ከጀርባዋ ባጃጅ ሲያልፍ፣ ልጆች ሲስቁ ይሰማኛል። ከፊቴ ያልታረመ ፈተናና ቀይ እስክሪብቶ አለ፤ እጄ ከልማዱ ወደ እስክሪብቶው ሄዷል።

"ቆይ" አለች ትዕግሥት፤ "አንድ ነገር ብለውኝ ነበር፤ ግን አልገባኝም።"

እስክሪብቶውን ወደ ጠረጴዛው ጥግ ገፋሁትና ማዳመጥ ጀመርሁ።